የሚጠጣ ቀለም

ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ የመኪና ቺንጋና የውሃ ፓምፕ ጎማ ከጣሪያው በተንጠለጠለበት መለዋወጫ መደብር፣ በባለሱቁ ስልክ የሁለት ብዕሮችን ፎቶ እያፈራረቅኩ አንድ ረፋድ ሙሉ ተከራከርኩ። አንደኛው ወርቅ ቅብ ነው። ክዳኑ ላይ ዘንዶ ተቀርጾበታል፤ ኪስ ላይ የሚያዘው ማንጠልጠያም የዘንዶው ጅራት ነው። ሁለተኛው ክሮም ሆኖ ምንም ጌጥ የለውም፤ ከቧንቧ ሠራተኛ ሣጥን የወደቀ ነው የሚመስለው።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ወርቁን ውሰድ» አለኝ ባለሱቁ። የጎንደር ሰው ነው፤ ወንድሙ ጅዳ ስለሚኖር ከፓምፕ እስከ ጥርስ ሳሙና የማያስመጣው ነገር የለም። «ለሽማግሌ የሚሰጥ ነገር ማብለጭለጭ አለበት።»

«ለወንድ ወርቅ ሐራም አይደለም እንዴ?»

«ቅብ ነው እኮ። ቅብ ምን አለበት?»

«ቅቡ ሲለቅስ?»

«ሲለቅማ የባሰ ሐላል ይሆናል።»

ብዕር ልገዛ ነው ብል ውሸት ይሆናል። የምገዛው ኪት ነው፤ ኪት የሚሉትም የብዕሩን ብረታ ብረት ብቻ ነው፦ የሚጽፈው ጫፍ፣ ጫፉን የሚይዘው አንገት፣ ክዳን፣ ማንጠልጠያና የናስ ቱቦዎች። ገላውን ከእንጨት ቆርጦ፣ በትራፓኖ በስቶ፣ ቱቦውን ውስጡ ለጥፎ፣ በቶርኖ እያሽከረከረ የሚያወጣው ገዢው ራሱ ነው። ከፍሎ ሥራ መግዛት ማለት ነው።

ይህን ያስለመደኝ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀለው መሐንዲስ ነው። ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ከረመ። ሌላው ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ሲሸሽ እሱ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ቶርኖ ተሸክሞ ነበር የመጣው። ወደ ፖርት ሱዳን ሲሄድ ግን የአውቶቡሱ ረዳት አልጭንም አለውና ለእኔ ተዋት። ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሪክ ባለ ቀን እስክሪብቶ እየሠራሁ ላልጠየቀኝ ሰው ሁሉ አድላለሁ።

ለምን እንደምሠራ የሚጠይቁኝ አሉ። ከተማው በተፈናቃይ ተጨናንቆ፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ሰው የድንኳኑን ቀዳዳ በማዳበሪያ ከረጢት እየደፈነ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ለመዝናናት እንጨት ያሽከረክራል። አገሩን ግን እዚህ ያደረሱት ቁም ነገር ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በትርፍ ጊዜው እየተዝናና ከተማ ያፈረሰ ሰው አላየሁም።

ይህኛው ብዕር ግን ለመዝናናት አልነበረም። የመጀመሪያዬ የቀለም ብዕር ነው፤ የሚጽፍበትም ሰው፣ የሚጻፈውም ነገር፣ የሚያልቅበትም ቀን አስቀድሞ ተወስኗል።

ሚስቴ የሞተችው ባለፈው ክረምት ነው። ኩላሊቷ ነበር። ሆስፒታልም ተኛች፣ አባቷ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ዱዓ ጽፈው ያጠቡትንም ውሃ ጠጣች። ሁለቱም አልረዷትም፤ ስለዚህ እኔና አማቴ ከዚያ ክርክር እኩል ወጣን።

አማቴ ገላባት ውስጥ ኸልዋ ከፍተው፣ ኋላ ተዘግቶ ወደ ገዳሪፍ እስኪመጡ ድረስ፣ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በኸልዋ ልጆቹ የሚጽፉት ሎህ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው። ቀለሙ የድስት ጥቀርሻና የዚሁ አገር ሙጫ በውሃ ተለውሶ የሚሠራ ነው፤ ሙጫው ከሌለ ጥቀርሻው እንጨት ላይ አይቆምም። ትምህርቱ ሲያልቅ ሎሁ ይታጠባል። እጣቢው አይደፋም፤ ምሓያ ይባላል፣ የታመመ ይጠጣዋል። ጥቀርሻና ሙጫ ሆድ አያሳምሙም። ከዚህ የተነሣ አማቴ ስለ ቀለም ያላቸው መመዘኛ አንድ ነው፦ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰው ሲሞት በአገዳ ብዕራቸው አንዲት ገጽ ዱዓ ይጽፋሉ፤ ከገጹ ግርጌ የሟቹን ስምና የእናቱን ስም ያስገባሉ። ቀለሙ ሲደርቅ አጥፈው ለቤተሰቡ ይሰጣሉ፤ ቤተሰቡ ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል። ከገላባት እስከ ዶካ ስንት ቤት ውስጥ የእሳቸው እጅ ጽሕፈት እንዳለ እንጃ። የገዛ ልጃቸው ስትሞት ግን አልጻፉም።

ያልጻፉት ስላልፈለጉ አይደለም። በሐዘኑ ሰሞን ሲሞክሩ አይቻለሁ። ብዕራቸውን ደዋያው ውስጥ፣ የቀለም ዕቃው ውስጥ ማለቴ ነው፣ ይነክራሉ፤ ከዚያ እስከ ወረቀቱ ድረስ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቀለሙ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ጀለቢያቸው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይንጠባጠባል። ወረቀቱን ከነካ በኋላ እጃቸው ረግቶ ይቀመጣል፤ ግን ያኔ ብዕሩ ላይ የቀረ ነገር የለም። ከሞከሩ በኋላ ደዋያውን ከድነው ከአልጋቸው ሥር አስገቡት። ሌላ ሰው ይጻፈው ሲባሉ ሬዲዮአቸውን ከፍ ያደርጋሉ። የዓመቷ ሰደቃ እየቀረበ ነው፤ ሰደቃው ላይ ገጹ ቤት ውስጥ ካልኖረ ልጃቸውን እንደ ማንም ሰው እንኳ አልሸኟትም ማለት ነው። ይህን በአፋቸው አላሉም። ቤታችን ውስጥ ግን ከዚህ ሌላ የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

እኔ ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝና መንቀጥቀጡ ወዲያው ገባኝ ብዬ ደመደምኩ። ሐዘን ነው አልኩ፤ ሐዘን በእጅ ይወጣል የሚል ነገር አንድ ቦታ አንብቤያለሁ። መፍትሔውም ቀላል መሰለኝ። ችግሩ ከደዋያው እስከ ወረቀቱ ያለው ጉዞ ከሆነ ጉዞውን ማስቀረት ነው። ቀለሙን ሆዱ ውስጥ የያዘ ብዕር አይነከርም።

እንዲህ ሆኜ ነው ባለሱቁ ጋ የተቀመጥኩት።

መሐንዲሱ ከፖርት ሱዳን በድምፅ መልእክት የላከልኝ ምክር የታወቀው ነው፦ በርካሹ ጀምር፣ የመጀመሪያው መሰንጠቁ አይቀርም። በዚህ ሥራ ላይ የጻፈ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሁሉም የሚለውን ነገር ደግሞ መጀመሪያ የምጠረጥረው እኔ ነኝ። የርካሽ ኪት ጫፍ ወረቀት ይቧጭራል፤ የተለማማጁን ገንዘብ ያድናል እንጂ የሚጽፈውን ሽማግሌ አያድንም። ስለዚህ ከርካሹ ክምር ወጥቼ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ቆምኩ።

ወርቁ ክዳኑ በመጫን ይዘጋል። ለሚንቀጠቀጥ እጅ ይመቻል፤ ግን በገዳሪፍ በጋ በእንዲህ ያለ ክዳን ውስጥ ቀለም ከዝሁር ሶላት እስከ ዓስር ሶላት አይቆይም። የክሮሙ ክዳን በጥርስ ይዞራል፣ አየር አያስገባም፤ ማዞሩ ግን ለእሳቸው ሥራ ነው። ወርቁ ከባድ ነው፣ አንገቱም ቀጭን። ክሮሙ ቀላል ሆኖ አንገቱ ወፍራም ነው፣ ሦስት ጣት በደንብ ያቅፈዋል። የወርቁ ጫፍ እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ አማቴ የለመዱት ደግሞ በቢላዋ ገደድ ተደርጎ የተቆረጠ አገዳ ነው፣ ሲወርድ ሰፍቶ ሲሄድ የሚቀጥን። የክሮሙ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ዓይነት አለው። በመጨረሻም የወርቁ ጫፍ በማጣበቂያ የታሰረ ነው፣ የክሮሙ ግን ተነቅሎ ይታጠባል። ለዚህ ለመጨረሻው ነገር ያኔ ብዙ ቦታ አልሰጠሁትም። እውነቱን ለመናገር ዘንዶውን ነበር የጠላሁት።

«ክሮሙን» አልኩት።

«ክሮሙን የመረጥከው ስላማረህ አይደለም» አለ ባለሱቁ፤ «እኔ ወርቁን ውሰድ ስላልኩህ ነው።»

«እሱም አለበት።»

«ሚስትህ አላህ ይዘንላትና፣ አንተን አንድ ነገር ማስገዛት ስትፈልግ ሌላውን ታሞግስ ነበር። እዚሁ ቆማ አይቻታለሁ።»

ሳቅን። ከዚያ እሱ ጎማ ፈላጊ የመጣ አስመስሎ ወደ መንገዱ ተመለከተ፣ እኔም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ኪቱ ሾዋክ ከተማ መገናኛው ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ ቀረና እዚያው ድረስ በአውቶቡስ ሄጄ አመጣሁት። ለእንጨቱ ሁሉም ሰው ሐሳብ ነበረው። ባለሱቁ ዞጲ አለ፤ ጎረቤቶች የሚስቴን የልብስ ሣጥን ክዳን፣ የእሷን ወንበር እግር አሉ። ወንበሩ ወንበር ነው፤ ይቀመጡበት። የሟች ዕቃ ቆርጦ ኪስ ውስጥ መያዝ ለእኔ ሐዘን ሳይሆን ዕቃ ማበላሸት ነው። ከሎህ ሠሪው ዘንድ የላሎብ ቁራጭ ወሰድኩ፤ ቢጫ፣ ጠንካራ፣ ማንም የማይደነቅበት እንጨት።

አማቴ ጥላው ሥር አንገረብ የሚሉት የጠፍር አልጋቸው ላይ ሆነው ይመለከቱኛል። የመጀመሪያውን ስበሳ ተሰነጠቀ።

«ኡስታዝ፣ ይሄ ሁሉ ለአንድ ቀለም ነው?» አሉ። ኡስታዝ የሚሉኝ ሲያከብሩኝ አይደለም።

«ለአንድ ገጽ ነው፣ አባባ።»

ሁለተኛው ሲሽከረከር ግን ትንሽ ቀረብ አሉ።

እኔና እሳቸው ድሮም አንነጋገርም። የምንነጋገር ይመስለን የነበረው በእሷ በኩል ነው። እሳቸው «ይሄ ሰውዬ ዛሬም ጁምዓ አልሄደም?» ሲሉ እሷ ወደ እኔ መጥታ «አባባ ደህና አደርክ ወይ ይሉሃል» ትላለች። እኔ «ሬዲዮውን ይቀንሱልኝ» ስል «ሬዲዮው በደንብ ይሰማዎታል ወይ ይላል» ብላ ታደርሳለች። ሁለታችንም እንደምናውቅ ታውቅ ነበር። ከሞተች ወዲህ የምንለው ሁሉ ሳይለዝብ ይደርስ ጀመር፤ ስለዚህ ማለቱን ተውነው።

ብዕሩ አለቀ። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ በሰም ወልውዬ፣ ኪቱን ገጣጥሜ፣ ከጠርሙስ ጥቁር ቀለም ሞልቼ ሰጠኋቸው። በአሮጌ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሞከሩት። ጭረቱ ሰፍቶ ወርዶ ቀጥኖ ሄደ። እጃቸው ቀጥ ብሎ ነበር።

«ይሮጣል» አሉ።

ከእሳቸው የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው። ከዚያ ብዕሩን ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉት።

«ቀለሙ ከምንድን ነው?»

«የፋብሪካ ነው።»

«ፋብሪካውስ ከምን ሠራው?»

እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተስማሙ ብዬ ወሰድኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ገጹን ሊጽፉ ነው ብዬ ቤቱን ለቀቅኩላቸው። የሰሊጥ ነጋዴዎች ሻይ የሚጠጡበት ጥላ ሥር ተቀምጬ ያለ ቅጥ ደስ አለኝ። የሐዘን መጻሕፍት ሁሉ እጅህን ሥራ አስይዝ ይላሉ፤ እኔ በዚያ ምክር ስንት ጊዜ እንደሳቅኩ ሚስቴ ታውቅ ነበር። ለአንድ ረፋድ ያህል ምክሩ ልክ ነው ብዬ አመንኩ።

ከዝሁር በፊት ስመለስ አማቴ ምንጣፋቸው ላይ ነበሩ። ገጹ ከላይ እስከ ታች ተሞልቷል። ያለ ማጋነን ቆንጆ ነበር። ከግርጌው ግን ሁለት ስም የሚይዝ ባዶ ቦታ ቀርቷል። ብዕሩ ክዳኑ ተከፍቶ በጎኑ ተኝቷል።

«ምነው አባባ፣ ደከመዎት?»

«ብዕርህ ደከመ።»

ፊደሎቹን ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። ያብረቀርቃሉ። የጠርሙስ ቀለም ሲደርቅ አያብረቀርቅም፤ የሚያብረቀርቀው ሙጫ ነው። ከአንገረቡ አጠገብ የእኔ ቀለም ጣሳ ውስጥ ተገልብጧል፤ ደዋያው ከአልጋ ሥር ወጥቶ አጠገባቸው ተቀምጧል።

«ቀለሙን ቀየሩት?»

«ቀየርኩት።»

«አባባ፣ ሙጫ ነው እኮ። እዚህ ውስጥ እንደ ሬንጅ ነው የሚደርቀው። ለዚህ አልተሠራም።»

«ያንተን ቀለም ማን ይጠጣዋል?»

«ወረቀት ላይ ነው የሚጻፈው። ማን ጠጡት አለ?»

«እሷ ይሄን ጠጥታ ነው ያደገችው» አሉ፤ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። «የልጄን ዱዓ ምን እንደሆነ በማይታወቅ ነገር ልጽፍ ነው?»

የምመልሰው ነበረኝ። ሁልጊዜ የምመልሰው አለኝ። እሱን ትቼ ብዕሩን አነሣሁና ፈታሁት። ጫፉ ወጣ፣ ከሥሩ ያለችው ማበጠሪያ የምትመስል ጥቁር ነገርም ወጣች፤ ቀለም የሚወርደው በጥርሶቿ መካከል ነው፣ መካከሉ ሁሉ ተደፍኗል። በሲኒ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። ውሃው ቀስ እያለ ጠቆረ። ሙጫው ግን አልለቀቀም፤ ለዛሬ እንደማይለቅ ያስታውቃል። ሲኒውን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ።

«ወዴት ልትደፋው ነው?»

«ፍሳሹ ውስጥ።»

«ዱዓ የጻፈ ቀለም ፍሳሽ አይገባም። ኒሙ ዛፍ ሥር አፍስሰው።»

ኒሙ ሥር አፈሰስኩት። ተመልሼ ስመጣ ገጹን እያዩ ነበር።

«ሁለት ስም ብቻ ነው የቀረው» አልኩ። «በአገዳው ይሞክሩት።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። አየር ላይ ሲሆን ጣቶቻቸው እንደ ቅጠል ይርገበገቡ ነበር። አንድ ጠብታ እዚህ ገጽ ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም ይታየናል።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሚስቴ ከመሞቷ በፊት በነበረው በጋ ከፊት ለፊታችን ያለው ወፍጮ ቤት ባለቤት ሞቶ ነበር። ለእሱ ቤተሰብ ገጹን ወስጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ንጹሕ ነበር፣ አንድ ጠብታ አልነበረበትም።

«ለወፍጮ ቤቱ ሰው ጽፈው የለም እንዴ?»

«ጻፍኩ።»

«ያኔ እጅዎ ደህና ነበር?»

«ያኔም እንዲሁ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ጻፉት?»

ምንጣፉን በመዳፋቸው ጠረጉ። ምንም አልነበረበትም።

«እሷ ትይዝልኝ ነበር።»

«ምኑን?»

«ደዋያውን። እዚህ ጋ።» ወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ ከብዕሩ አንድ ጣት ያህል ራቅ ያለ ቦታ ጠቆሙኝ። «እጄ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ደዋያውን ታመጣልኛለች። ነክሬ እቀጥላለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገላባት ከመጣን ጀምሮ።»

ከገላባት የመጡት ከኸልዋው መዘጋት በኋላ ነው፤ ያ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ያን ያህል ዘመን እኔ በጎን ክፍል እያነበብኩ፣ አባትና ልጅ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የሞተን ሰው ሁሉ ሲሸኙ ኖረዋል፤ እሷም ለእኔ አልነገረችኝም። እሳቸው እንዳይታወቅባቸው ፈልገዋል ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው በሁለታችን መካከል የሚያልፈውን መርጣለች።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ።»

«ብነግርህ ምን ልታደርግ? ደስ ያለህን መጽሐፍ ልታነብልኝ?»

ከዚያ ዝግ ብለው «የእሷ ቦታ ነው» አሉ።

ሾዋክ ድረስ ሄጄ ኪት አመጣሁ። ስለ ክዳን ጥርስ፣ ስለ አንገት ውፍረት፣ ስለ ጫፍ አቆራረጥ ካርቱምን የሚያህል ሐሳብ አሰብኩ። የሚፈለገው አንድ ሰው ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ የቀለም ዕቃ እንዲይዝ ብቻ ነበር፤ ያቺ ሰው ደግሞ የለችም።

ደዋያውን አነሣሁ። በግራ በኩላቸው ተንበረከክሁ። ተመለከቱኝ፤ ሂድ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«በቀኝ በኩል» አሉ።

ተዛወርኩ።

«ቀረብ በል። ዝቅ አድርገው። ኸላስ፣ በቃ፣ እዚያ።»

አገዳውን ነከሩ። ወረቀቱን ሲነካ እጃቸው ረጋ። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፉ። እንደገና ነከሩ፣ የስሟን መጨረሻ ጻፉ። ለእናቷ ስም ደዋያውን ትንሽ ጠጋ ሳደርገው የተንቀጠቀጠው የእኔ እጅ ነው። ከደዋያው አፍ ጠብታ ወጥታ በሁለቱ ስሞች መካከል ወደቀች።

«ልጠርገው» አልኩ።

«ተወው። ይቅር።»

የእናቷን ስም ከጠብታው አጠገብ ጻፉት። ቀለሙ እስኪደርቅ ተቀምጠን ጠበቅን፤ ከውጭ የወፍጮው ድምፅ ይሰማል። ሲደርቅ ገጹን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እንደገና አጠፉት፤ ለሰው ሁሉ እንደሚያጥፉት አድርገው። ደረት ኪሳቸው ውስጥ የሚያስገቡት መስሎኝ ነበር። ወደ እኔ ዘረጉት።

ገጹ ለሟች ቤተሰብ ነው የሚሰጠው።

«አላህ ያጽናህ» አሉኝ፤ ለሰው ሁሉ እንደሚሉት።

እኔም ለእሳቸው ማለት ነበረብኝ፤ ከእኔ ሌላ የሚላቸው ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። በአንድ እጄ ገጹን ተቀበልኩ። በሌላው ደዋያው ነበር፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።